ሰብኤጀንቱ ይገናኛል፣ መልሱ ግን ይጠፋል፦ የባትሪ ክትትል በኤጀንትኤክስ

ጥያቄው፦ «በኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ኔት-ኤስኤንኤምፒ (መሣሪያዎችን በኔትወርክ ለመከታተል የሚያገለግለው የኤስኤንኤምፒ ፕሮቶኮል ሶፍትዌር) ጭነን ኔትወርካችንን እንከታተላለን። የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ክፍላችን 24 ባትሪዎች አሉት። የእያንዳንዱን ባትሪ ቮልቴጅ፣ ሙቀት፣ የውስጥ ሬዚስታንስና ሁኔታ በሲሪያል መስመር በሞድበስ ፕሮቶኮል እያነበበ ለዋናው የኤስኤንኤምፒ ፕሮግራም (ለዋናው ኤጀንት) የሚያቀርብ ራሱን የቻለ ሰብኤጀንት በሲ ቋንቋ ጻፍኩ። አንዱን ባትሪ ማንበብ 150 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ፕሮግራሙን በተራ ተጠቃሚ ሳስነሳው ከዋናው ኤጀንት ጋር መገናኘት አልቻልኩም ይላል። በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ) ሳስነሳው ይገናኛል፤ ከክትትል ሰርቨሩ ስጠይቅ ግን ‹እንዲህ ያለ ኦብጀክት የለም› የሚል መልስ ይመጣል። እዚያው ማሽን ላይ ሙሉ ፈቃድ ባለው ኮሚኒቲ (እንደ ይለፍ ቃል በሚያገለግል ስም) ስጠይቅ የባትሪዎቹን ብዛት የሚሰጠው ነጠላ ዋጋ በትክክል ይመጣል። ሠንጠረዡን ስጠይቅ ግን ‹አጠቃላይ ስህተት› ይላል፤ ወዲያው ብዛቱም ሳይቀር ለ15 ሰከንድ ያህል ይጠፋና ይመለሳል። ሰብኤጀንቱ ፖርት 161ን ከዋናው ኤጀንት ከኤስኤንኤምፒ-ዲ ጋር ስለሚሻማ ይሆን? የጊዜ ገደቡን ወደ 30 ሰከንድ ላሳድገው ወይስ ኮዴን ከዋናው ኤጀንት ጋር አንድ ላይ ልከምፕለው?»

ፖርት 161 በዚህ ጉዳይ ውስጥ የለበትም። የገለጹት ነገር ተደራርበው የመጡ ሦስት የተለያዩ ብልሽቶች ናቸው፤ አንዱ ሲፈታ ሌላው ብቅ ስለሚል ነው አንድ የመሰሉት። የመጀመሪያው የሶኬት (ሁለቱ ፕሮግራሞች የሚገናኙበት በር) ፈቃድ፣ ሁለተኛው የዕይታ ገደብ (ጠያቂው የትኛውን መረጃ ማየት ይችላል የሚለው) ነው፤ ሁለቱም በውቅር ፋይል ውስጥ በአንድ በአንድ መስመር ይስተካከላሉ። ሦስተኛው ግን የፕሮግራሙ አሠራር ላይ ያለ ጥፋት ነው፦ ሰብኤጀንቱ ጥያቄ ተቀብሎ መልስ መስጠት ባለበት ሰዓት ባትሪ ሊያነብ ይሄዳል። የጊዜ ገደቡን ማሳደግ ይህን ይሸፍነዋል እንጂ አያስተካክለውም። ኮዱን ወደ ዋናው ኤጀንት ማስገባት ደግሞ ያባብሰዋል፤ ያኔ ባትሪው እስኪነበብ ድረስ የኔትወርክ ካርዱም፣ የዲስኩም፣ የሲስተሙም መረጃ ሁሉ አብሮ ይቆማል።

በመጀመሪያ የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ይሁን። ሰብኤጀንት ከውጭ የሚመጣ ጥያቄ አይቀበልም። ዩዲፒ ፖርት 161 ላይ የሚያዳምጠው ዋናው ኤጀንት፣ ማለትም ኤስኤንኤምፒ-ዲ ብቻ ነው። ሰብኤጀንቱ ኤጀንትኤክስ በሚባለው ፕሮቶኮል ከዋናው ኤጀንት ጋር ይገናኝና «ከዚህ ኦአይዲ በታች ያለው የእኔ ነው» ብሎ ያስመዘግባል (ኦአይዲ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚደረደር የመረጃ የቁጥር አድራሻ ነው)፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ቅርንጫፍ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ይተላለፍለታል። ፕሮቶኮሉ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የኢንተርኔት ቴክኒካዊ ሰነድ፣ በአርኤፍሲ 2741 የተደነገገ ነው። በሊኑክስ ላይ ሁለቱ የሚገናኙት በነባሪ /ቫር/ኤጀንትኤክስ/ማስተር በሚባለው የዩኒክስ ሶኬት ነው፤ በቲሲፒ ከተፈለገ ፖርቱ 705 ነው። የኮሚኒቲ ስም፣ የኤስኤንኤምፒ ሥሪት 3 የይለፍ ቃልና ምስጠራ፣ ማን ምን ያያል የሚለው ሁሉ ዋናው ኤጀንት ላይ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

አንድ ፕሮግራም ሰብኤጀንት የሚሆነው ገና ሲነሳ የኤጀንት ሚና የሚባለውን ቅንብር 1 ሲያደርግ ነው። ይህ መስመር ከተረሳ ፕሮግራሙ ሙሉ ኤጀንት ሆኖ ይነሳና 161ን ሊይዝ ይሞክራል፤ ሎጉ ላይ «ፖርት 161ን መክፈት አልተቻለም» የሚል መልእክት የሚታየው ያኔ ነው። የእርስዎ ሎግ «ተገናኝቷል» ስለሚል መስመሩ አለ ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው ቅደም ተከተልም አይዛነፍ፦ ሚናው ይቀመጣል፣ ኢኒት_ኤጀንት ይጠራል፣ የራስዎ ሠንጠረዥና ነጠላ ዋጋዎች ይመዘገባሉ፣ ከዚያ ኢኒት_ኤስኤንኤምፒ ይጠራል፣ በመጨረሻ ኤጀንት_ቼክ_ኤንድ_ፕሮሰስ በዙር ውስጥ ይሽከረከራል። ኢኒት_ኤስኤንኤምፒን ከምዝገባው በፊት መጥራት የተለመደ ስህተት ነው፤ በዚያን ጊዜ ለእርስዎ ሞጁል የተጻፉት የውቅር መስመሮች ሳይነበቡ ይታለፋሉ። ለዚህ ጥሪ የሚሰጡት ስም የውቅር ፋይሉ ስም ይሆናል። ስሙን «ባትሪ» ካሉት የሚፈለገው «ባትሪ.ኮንፍ» የሚባል ፋይል ነው፤ የኤስኤንኤምፒ-ዲ ውቅር ፋይል ውስጥ የጻፉትን ሰብኤጀንቱ አያየውም። ሶኬቱን ከነባሪው ቦታ ያዛወሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በአንዱ ፋይል ይቀይሩና ሌላኛውን ይረሱታል።

ወደ መጀመሪያው ብልሽት እንምጣ። በዋናው ኤጀንት ውቅር ፋይል ውስጥ «ማስተር ኤጀንትኤክስ» የሚለው መስመር ሲኖር ሶኬቱ ይፈጠራል፤ በነባሪ ግን ሶኬቱን መጠቀም የሚችለው ኤጀንቱ ራሱ በሚሠራበት የተጠቃሚ መለያ የተነሳ ፕሮግራም ብቻ ነው። ሩት ሁሉን ስለሚያልፍ ለእርስዎ ሠራ። መፍትሔው ሰብኤጀንቱን በሩት ማስኬድ አይደለም፤ ከሲሪያል መስመር የሚመጣ ባይት የሚተነትን የሲ ፕሮግራም በሩት መሮጥ የለበትም። ለሥራው የተለየ ግሩፕ ይፍጠሩ፣ ሰብኤጀንቱ የሚሮጥበትን ተጠቃሚ እዚያ ያስገቡ፣ ከዚያ በውቅር ፋይሉ «ኤጀንትኤክስ-ፐርምስ» በሚለው መመሪያ ለሶኬቱ 0660፣ ለማውጫው 0750 ፈቃድ ሰጥተው ባለቤቱንና ግሩፑን ይጻፉ። ብዙ ሰው የሶኬቱን ፈቃድ ብቻ ያስተካክልና የማውጫውን ይረሳል፤ ወደ ማውጫው መግባት ያልቻለ ፕሮግራም ደግሞ ሶኬቱ 0777 ቢሆንም አይደርስበትም። በእጅ ቀይሮ መተውም አያዋጣም፤ ኤስኤንኤምፒ-ዲ በተነሳ ቁጥር ሶኬቱን እንደ አዲስ ይፈጥረዋል። በሬድ ሃት ቤተሰብ ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ ፈቃዱ ሁሉ ትክክል ሆኖ አሁንም ከተከለከለ የኤስኢ-ሊኑክስን የኦዲት ሎግ ይመልከት።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሶኬቱ አስቸገረኝ ብለው ወደ ቲሲፒ 705 አይዙሩ። ኤጀንትኤክስ የማንነት ማረጋገጫም ምስጠራም የለውም። ፖርቱን ያገኘ ማንኛውም ፕሮግራም የፈለገውን ቅርንጫፍ በስሙ ሊያስመዘግብና የሐሰት ዋጋ ሊመልስ ይችላል። የግድ ከሆነ 127.0.0.1 ላይ ብቻ ይሁን።

ሁለተኛው ብልሽት ሰብኤጀንቱን አይመለከትም። የዴቢያንና የኡቡንቱ ፓኬጅ ይዞት የሚመጣው ውቅር «ፐብሊክ» ለሚባለው ኮሚኒቲ የሚያሳየው ሁለት ቅርንጫፎችን ብቻ ነው፦ .1.3.6.1.2.1.1 እና .1.3.6.1.2.1.25.1። የእርስዎ ሠንጠረዥ .1.3.6.1.4.1 ሥር ስለሆነ ከዕይታው ውጭ ነው፤ ከዕይታ ውጭ ላለ ነገር ኤጀንቱ የሚመልሰው ደግሞ «የለም» የሚል መልስ እንጂ «ተከልክለሃል» የሚል አይደለም። ሰዎች ቀናት የሚያባክኑት እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ውቅር ውስጥ ተቀምጦ ኮዱን ይበታትናሉ። የእርስዎን ቅርንጫፍ ብቻ ወደ ዕይታው የሚጨምር አንድ መስመር ይጻፉ። ሙሉውን ዛፍ አይክፈቱ፤ በሥሪት 2ሲ የኮሚኒቲ ስም በግልጽ ጽሑፍ ነው የሚጓዘው፣ የኔትወርኩን ትራፊክ የሚያዳምጥ ሰው የማሽኑን የፕሮሰስ ዝርዝርና የሶፍትዌር ዝርዝር ሁሉ ያገኛል። ያው ነባሪ ውቅር ኤጀንቱን የሚያስነሳው በ127.0.0.1 ላይ ብቻ መሆኑንም ያስታውሱ። እርስዎ ከክትትል ሰርቨሩ መልስ ስላገኙ ያንን አስቀድመው ቀይረውታል።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ቁጥሮቹን እናስላቸው። 24 ባትሪ በ150 ሚሊሰከንድ ሲባዛ 3.6 ሰከንድ ነው። የሠንጠረዡን ኮድ ከሚብ (የመረጃውን ስሞችና አወቃቀር ከሚገልጽ ፋይል) የሲ ኮድ በሚያመነጨው በኤምአይቢ-2ሲ፣ በኢተሬተር ቴምፕሌቱ እንዳመነጩት ከገለጻዎ ይገባኛል፤ በዚህ ቴምፕሌት ውስጥ የመጀመሪያውን ረድፍ የሚያመጣውና ቀጣዩን የሚያመጣው ሁለት ፈንክሽኖች አሉ፣ እርስዎም ንባቡን እዚያ ውስጥ አስገብተዋል። ኢተሬተሩ ረድፎቹ በቅደም ተከተል ይምጡ አይምጡ ስለማያውቅ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ይዞራል። ቅርንጫፍን በተርታ የሚያነበው የኤስኤንኤምፒ-ዎክ ትእዛዝ ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ሕዋስ ነው የሚጠይቀው። 24 ረድፍ በ4 ዓምድ 96 ሕዋስ ነው። 96 ጊዜ 3.6 ሰከንድ 345 ሰከንድ ተኩል ያህል፣ ወደ 6 ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ ነው። ባትሪዎቹ አንድ ጊዜ መነበብ ሲገባቸው 96 ጊዜ ይነበባሉ።

ግን እስከዚያም አይደርስም። ዋናው ኤጀንት ከሰብኤጀንት መልስ የሚጠብቀው በነባሪ 1 ሰከንድ ነው፤ 5 ድጋሚ ሙከራም አለው። ድጋሚ ሙከራው ምንም አይፈይድም፤ የሰብኤጀንቱ ዙር አንድ ትሬድ (የሥራ ክር) ብቻ ስለሆነ ከሲሪያል መስመሩ ሳይመለስ ሶኬቱን አያነብም። ጊዜው ሲያልፍ ዋናው ኤጀንት ሁለት ነገር ያደርጋል። ለጠያቂው «አጠቃላይ ስህተት» ይመልሳል፤ ሰብኤጀንቱ ሞቷል ብሎ ስለሚገምትም ግንኙነቱን ራሱ ይዘጋል። ግንኙነቱ ሲዘጋ ምዝገባው ሁሉ ይሰረዛል፤ ባትሪ ሳያነብ የሚመልሰው የብዛት ዋጋ ሠንጠረዡን ተከትሎ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ሰብኤጀንቱ ከንባቡ ሲመለስ ሶኬቱ ተዘግቶ ያገኘዋል፤ «ማስተሩ አለያየን፣ በ15 ሰከንድ እንደገና እንገናኛለን» የሚል መልእክት ሎጉ ላይ ያሰፍራል። ያዩት 15 ሰከንድ ይኸው ነው፤ «ኤጀንትኤክስ-ፒንግ-ኢንተርቫል» የተባለው ቅንብር ነባሪ ዋጋ ነው። ይህን ዋጋ ወደ 2 ወይም 3 ዝቅ ማድረግ ጠፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ ያሳጥራል፣ መጥፋቱን ግን አያስቀርም።

የጊዜ ገደቡን 30 ሰከንድ ቢያደርጉትስ? የሚጠይቀው የክትትል ሰርቨር የራሱ ገደብ አለው፤ የኔት-ኤስኤንኤምፒ መጠየቂያ ትእዛዞች ነባሪም 1 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ገደቡን በሁለቱም በኩል ማሳደግ ይኖርብዎታል፤ ያኔም ሠንጠረዡ 6 ደቂቃ ይፈጃል። አንድ የሞድበስ መሣሪያ መልስ መስጠት ሲያቆም ደግሞ እያንዳንዱ ዙር በዚያ መሣሪያ የሲሪያል ገደብ ልክ ይረዝማል። ባትሪ ክፍሉ ውስጥ ችግር በተፈጠረበት ቀን፣ መረጃው ከምንጊዜውም በላይ በሚያስፈልግበት ሰዓት ማለት ነው፣ ክትትሉ ይወድቃል። ገደቡን እዚያው 1 ሰከንድ ላይ ይተዉት።

መፍትሔው ማንበብንና መመለስን መለያየት ነው። በዚህ ላይ ሁለት የተሳሳቱ መንገዶች ስላሉ አስቀድሜ ልጥቀሳቸው። አንደኛው በኔት-ኤስኤንኤምፒ ላይብረሪ የማንቂያ ሰዓት፣ ማለትም በኤስኤንኤምፒ_አላርም፣ በየ30 ሰከንዱ ማንበብ ነው። ጥሩ ይመስላል፤ ይሁንና ማንቂያው የሚሠራው በዚያው ዙር፣ በዚያው ትሬድ ላይ ነው። በ3.6 ሰከንዱ ውስጥ ጥያቄ ከመጣ ያው መለያየት ይከተላል፣ ልዩነቱ አልፎ አልፎ መሆኑ ነው፤ አልፎ አልፎ የሚታይ ብልሽት ደግሞ ለማግኘት ከሁሉም ይከብዳል። ሁለተኛው የላይብረሪውን የካሽ (የተነበበን ዋጋ ለጊዜው የሚያስቀምጥ) ረዳት ብቻ መጨመር ነው። ካሹ 96ቱን ንባብ ወደ አንድ ያወርደዋል፤ ጊዜው ያለፈበትን ካሽ የሚያድሰው ግን መልስ የሚጠባበቀው ጥያቄ ራሱ ስለሆነ ያ አንድ ጥያቄ አሁንም 3.6 ሰከንድ ይቆማል።

የሚሠሩት መንገዶችም ሁለት ናቸው። በሰብኤጀንቱ ውስጥ ንባቡን ለብቻው የሚያካሂድ ሁለተኛ ትሬድ መክፈት ይቻላል። ያኔ ሕጉ ጥብቅ ነው፦ ሁለተኛው ትሬድ የኔት-ኤስኤንኤምፒን አንድም ፈንክሽን አይጥራ፣ ሎግ መጻፊያውንም ጭምር፤ ከዋናው ትሬድ ጋር የሚገናኘው በሙቴክስ (በአንድ ጊዜ ለአንድ ትሬድ ብቻ በሚፈቅድ ቁልፍ) በተጠበቀ የ24 ረድፍ ድርድር ብቻ ይሁን፤ ቁልፉም የሚያዘው ድርድሩን ለመገልበጥ ያህል እንጂ ንባቡ እየተካሄደ አይሁን። ለእርስዎ የምመክረው ግን ሌላኛውን ነው፦ ንባቡን ሙሉ በሙሉ የተለየ ፕሮሰስ (ሰብሳቢ እንበለው) ያድርጉት። የሲሪያል መስመር የሚያዝበት፣ የዩኤስቢ መቀየሪያው የሚነቀልበት፣ ፕሮግራሙ ተንጠልጥሎ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ሰብሳቢው ተለይቶ ሲቆም ሰብኤጀንቱን ሳይነኩ ገድለው ያስነሱታል። በሲ መጻፉም ግዴታ አይደለም፤ ፓይተን ይበቃዋል።

አሠራሩ ይህ ነው። ሰብሳቢው በየ30 ሰከንዱ 24ቱን ባትሪ ያነብና /ራን ሥር ባለ የራሱ ማውጫ ውስጥ በጊዜያዊ ስም ፋይል ይጽፋል፤ ጽፎ ሲጨርስ በሪኔም ወደ ትክክለኛው ስም ይለውጠዋል። ሪኔም በአንድ የፋይል ሲስተም ውስጥ በአንድ እርምጃ የሚፈጸም ስለሆነ አንባቢው አሮጌውን ሙሉ ወይም አዲሱን ሙሉ ያገኛል እንጂ ግማሽ ፋይል አያገኝም። ጊዜያዊው ፋይል /ቲኤምፒ ውስጥ ከተጻፈ ግን ሁለቱ የተለያዩ የፋይል ሲስተሞች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሪኔሙም ይከሽፋል። /ራን ማህደረ ትውስታ ላይ ያለ ስለሆነ ዲስክ አይነካም። ፋይሉ 24 መስመር ነው፤ በየመስመሩ የባትሪው ቁጥር፣ አራቱ ዋጋዎችና የተነበበበት ሰዓት ይኖራሉ። ለሰዓቱ የግድግዳ ሰዓት አይጠቀሙ፤ መብራት ጠፍቶ የተነሳ ሰርቨር ሰዓቱ በኤንቲፒ እስኪስተካከል ድረስ ወደፊትም ወደኋላም ሊዘል ይችላል። ሊኑክስ ሞኖቶኒክ የሚለው ሰዓት ከማሽኑ መነሳት ጀምሮ ሳይዘል ይቆጥራል፣ ለሁለቱም ፕሮሰስ አንድ ነው።

የኢተሬተር ኮድዎን መጣል አያስፈልግም። የመጀመሪያውን ረድፍ የሚያመጣው ፈንክሽን ሲጠራ ፋይሉ ከተለወጠ አንብቦ ድርድሩን ይሙላ፣ ካልተለወጠ ያለውን ይጠቀም፤ ቀጣዩን የሚያመጣው በድርድሩ ላይ አንድ ይራመድ። በማህደረ ትውስታ ላይ 24 ረድፍ 96 ጊዜ መዞር በሚሊሰከንዶች የሚያልቅ ሥራ ነው። ረድፎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ቢሆን ኖሮ ኢተሬተሩን ትተው በኮንቴይነር ላይ ወደተመሠረተው ኤምኤፍዲ ቴምፕሌት እንዲዛወሩ እመክር ነበር፤ ለ24 ግን ትርፉ ድካም ነው።

መለያየቱ አንድ አዲስ አደጋ ይዞ ይመጣል፣ እባክዎ አይለፉት። ሰብሳቢው ሞቶ ፋይሉ ቢቀር ሰብኤጀንቱ የትናንቱን ቮልቴጅ እንደ ዛሬ ሲመልስ ይኖራል፤ ግራፉም ቀጥ ያለ የሚያምር መስመር ይሆናል። ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ አምስተኛ ዓምድ ይጨምሩ፦ የንባቡ ዕድሜ በሰከንድ። ዕድሜው ሦስት ዙር፣ ማለትም 90 ሰከንድ ካለፈ ደግሞ የቮልቴጅ፣ የሙቀትና የሬዚስታንስ ሕዋሶች «እንዲህ ያለ ኢንስታንስ የለም» ይመልሱ፤ ዕድሜና ሁኔታ ግን መመለሳቸውን ይቀጥሉ። 0 ወይም -1 መመለስ አይገባም፤ 0 ቮልት ለክትትል ሶፍትዌሩ የሞተ ባትሪ ነው፣ እርስዎ ማለት የፈለጉት ግን «አላውቅም» ነው።

ስለ ሚብ ጥቂት ልበል። የራስዎን ከመፍጠርዎ በፊት እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውን የዩፒኤስ ሚብ፣ አርኤፍሲ 1628ን ማየት ተገቢ ነው፤ በ.1.3.6.1.2.1.33 ሥር የባትሪ ቮልቴጅ፣ ሙቀት፣ የቀረ ደቂቃ ሁሉ አለው። ነገር ግን እነዚህ ለጠቅላላው የባትሪ ክፍል አንድ አንድ ዋጋ ብቻ ናቸው፤ ባትሪ በባትሪ የሚዘረዝር ሠንጠረዥ የለውም። ስለዚህ የራስዎ ሠንጠረዥ ምክንያት አለው፤ የኢንተርፕራይዝ ቁጥሩን (.1.3.6.1.4.1 ሥር ለየድርጅቱ የሚሰጠውን) ግን በዘፈቀደ አይምረጡ። ቁጥሮቹን በተራ የሚያድለው የኢንተርኔት ቁጥሮች መዳቢው አካል አያና ነው፣ በነፃም ይሰጣል፤ እንደ 12345 ያለ ቁጥር ለሌላ ድርጅት ከተሰጠ ቆይቷል። የራስዎ እስኪመጣ ለሙከራ .1.3.6.1.4.1.8072.9999.9999ን ይጠቀሙ፤ ኔት-ኤስኤንኤምፒ ለዚሁ ሲል ክፍት የተወው ቦታ ነው። ሚብ ፋይሉን ሰርቨሩ ላይ መገልበጥ ሰብኤጀንቱን አያነቃውም፤ ኮዱ በቁጥር ነው የሚሠራው። ፋይሉ የሚያስፈልገው ቁጥሩን ወደ ስም ለሚተረጉመው፣ ማለትም ለጠያቂው ማሽን ነው። ኡቡንቱ ላይ ደግሞ የጠያቂው ውቅር ፋይል በነባሪ ሚቦችን የሚዘጋ መስመር ስላለው ስም አልሠራም ብለው ከመደንገጥዎ በፊት በቁጥር ይሞክሩ።

ኤስኤንኤምፒ የነጥብ ቁጥር የለውም። 12.63 ቮልትን 1263 ብለው ያስተላልፉ፤ ሚቡ ላይ የማሳያ ፍንጩን «ዲ-2» ሲሉት ጠያቂው ነጥቡን በቦታው ያስገባል። ሙቀት ከዜሮ በታች ሊወርድ ስለሚችል ኢንቲጀር32 ይሁን፣ ጌጅ32 አይሁን። ሠንጠረዡን ሲያስመዘግቡ የሚሰጡት የሠንጠረዡን ኦአይዲ ነው፤ የኢንትሪውን፣ ማለትም መጨረሻው ላይ .1 ያለበትን ከሰጡ ረዳቱ ሌላ .1 ይጠብቅና ምንም አይገኝም። ነጠላ ዋጋ በስካላር ረዳት ሲመዘገብ .0 አይጨመርም፣ በኢንስታንስ ረዳት ሲመዘገብ ይጨመራል፣ ሲጠየቅ ሁልጊዜ ይጨመራል። የኢንዴክስ (የረድፍ መለያ) ዓይነቶችን የሚጨምረውን ፈንክሽን ዝርዝር በ0 መዝጋት አለብዎት፤ 0ው ሲረሳ ፕሮግራሙ ገና ሲነሳ ይወድቃል ወይም ይባስ ብሎ አንዳንዴ ይሠራል።

ምዝገባው በቁጥር 263 ከከሸፈ ያንን ቅርንጫፍ ሌላ ወገን በተመሳሳይ የቅድሚያ ደረጃ ቀድሞ ይዞታል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ያ «ሌላ» በሙከራ ጊዜ ከኋላ ሲሮጥ የቀረ የራስዎ ሰብኤጀንት ነው። የቅድሚያ ቁጥሩን ከነባሪው 127 ዝቅ አድርገው ለማለፍ አይሞክሩ፤ አሮጌውን ፈልገው ይዝጉት። ሲከምፕሉም በኔት-ኤስኤንኤምፒ-ኮንፊግ የኤጀንት ላይብረሪዎች የሚለውን አማራጭ ይጠቀሙ፤ ተራው የላይብረሪ አማራጭ የኤጀንቱን ክፍል ስለማይጨምር ሊንከሩ ፈንክሽኖቹን አላገኘሁም ይላል። ከፓኬጅ የተጫነና በእጅ ተከምፕሎ /ዩኤስአር/ሎካል የገባ ሁለት ሥሪት በአንድ ማሽን ላይ ካለ አንዱን ያስወግዱ፤ በአንዱ ሄደር ተከምፕሎ በሌላው ላይብረሪ የሚሮጥ ሰብኤጀንት የሚያሳየው ጠባይ ሊተነበይ አይችልም።

ሰብኤጀንት መጻፍ ለሁሉም ሰው አያስፈልግም። አንድ ሁለት ዋጋ ብቻ ከሆነ «ኤክስቴንድ» የሚለው መመሪያ ስክሪፕት አስነስቶ ውጤቱን ያቀርባል። ፓይተን ለለመደ ሰው ደግሞ «ፓስ-ፐርሲስት» አለ፤ ስክሪፕቱ አንዴ ተነስቶ ይኖራል፣ ጥያቄና መልሱ በመደበኛ ግቤትና ውጤት በጽሑፍ ይለዋወጣል። ሁለቱም ግን ዋናውን ኤጀንት እስኪመልሱ ድረስ ያቆሙታል፤ ሰብሳቢ ፋይሉን ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ግን ይህ አይጎዳም። እርስዎ የሚሠራ የሲ ኮድ ስላለዎት ይዘውት ይቀጥሉ። የማልመክረው ከክትትል ማሽኑ ተነስቶ ባትሪዎቹን ማዘዝ ነው፤ ሠንጠረዡ ለንባብ ብቻ ይሁን። መጻፍ ሲፈቀድ እያንዳንዱ ትእዛዝ ቦታ መያዝ፣ መፈጸም፣ ማጽደቅና መቀልበስ የሚሉ ደረጃዎችን በትክክል ማለፍ አለበት፤ የባትሪ ክፍል ይህን የሚለማመዱበት ቦታ አይደለም።

ሲፈትሹ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። አገልግሎቱን አቁመው ኤስኤንኤምፒ-ዲን ፊት ለፊት፣ ሎጉ ስክሪን ላይ እንዲወጣ አድርገው፣ የዲበግ ቶክኑን «ኤጀንትኤክስ» ብለው ያስነሱ። የኤጀንትኤክስ ድጋፍ መከፈቱን የሚገልጽ መስመር ካልወጣ የተነበበው የውቅር ፋይል እርስዎ ያሰቡት አይደለም። ቀጥለው ሰብኤጀንቱን በተራው ተጠቃሚ ያስነሱና ምዝገባው ሲያልፍ ይመልከቱ። ከዚያ እዚያው ማሽን ላይ በቁጥር ኦአይዲ ይጠይቁ፣ በመጨረሻ ከክትትል ሰርቨሩ። እዚያው ሠርቶ ከሩቅ ካልሠራ ጉዳዩ ዕይታ ወይም ፋየርዎል ነው፣ ኮዱን አይንኩ። ጠያቂው «ኦአይዲው አያድግም» ብሎ ካቆመ ረድፎቹ ከቅደም ተከተል ወጥተዋል ወይም አንድ ኢንዴክስ ሁለት ጊዜ ተመልሷል፤ የፋይሉን የባትሪ ቁጥሮች ይመርምሩ። ዎኩን በስክሪፕት አንድ ሺህ ጊዜ ደጋግመው የሰብኤጀንቱን የማህደረ ትውስታ መጠን በፊትና በኋላ ያነጻጽሩ፤ እያደገ ከሄደ የኢተሬተሩ ነፃ ማድረጊያ ፈንክሽን አልተሞላም።

ወደ ሥራ ከማስገባትዎ በፊት ሁለት ነገር ሆን ብለው ያበላሹ። ዎክ በተከታታይ እየሮጠ ኤስኤንኤምፒ-ዲን እንደ አዲስ ያስነሱ፤ ሰብኤጀንቱ ማንም ሳይነካው በ15 ሰከንድ አካባቢ ውስጥ ተመልሶ መመዝገብ አለበት። ከዚያ የሲሪያል ገመዱን ይንቀሉ። ሠንጠረዡ ወዲያው እንደ ቀድሞው መመለሱን ይቀጥላል፣ የዕድሜው ዓምድ በ30 ላይ ዜሮ መሆኑን ትቶ ወደ 60፣ ወደ 90 ይወጣል፣ 90ን ሲያልፍ ቮልቴጁ ይጠፋል፤ የሠንጠረዡ መልስ ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አንድም ጊዜ 1 ሰከንድ መሙላት የለበትም። ገመዱን ሲመልሱት በአንድ ዙር ውስጥ 24ቱም ረድፍ ይመለሳል።